ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ይከፋፈላል? ሲላብልና ስትረስ፣ ከጅራት ወደ ራስ

ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥመን ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ከመጀመሪያው ፊደል ተነስተን እየገፋን እንሄዳለን። መሃል ላይ ምላሳችን ይተሳሰራል፤ መጨረሻውን አድበስብሰን እናልፋለን። እኔ የምመክረው የተገላቢጦሹን ነው። ቃሉን ከጅራቱ ያዙት። ስትረሱ፣ ማለትም ከቃሉ ክፍሎች አንዱን አጉልቶ መናገሩ፣ የት እንደሚያርፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው የቃሉ መጨረሻ ነው። እሱ ከታወቀ የቀረው ሥራ ቀላል ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ስምምነት እናድርግ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን የጻፍኩት በራሳችን ፊደል፣ በአነጋገራቸው ነው። ሰረዟ የሲላብል፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚነገር የቃል ቁራጭ፣ ድንበር ናት። ● ስትረስ ያረፈበት ሲላብል ነው፤ ○ ደግሞ ያላረፈበት። እንደ «ን»፣ «ክ»፣ «ፍ» ያለ ሳድስ ስታገኙ አናባቢ ሳትጨምሩ ዝጉት። «ሽን» እና «ብል» ላይ ብቻ በሁለቱ ፊደላት መካከል ትንሽ ድምፅ ትሰማለች።

መጀመሪያ ቁጠሩ፤ በዓይን ሳይሆን በጆሮ

ሲላብል ማለት በአንድ አናባቢ ድምፅ ዙሪያ የተሰበሰበ ቁራጭ ነው። ስለዚህ የሲላብሉ ቁጥር የአናባቢ ድምፆቹ ቁጥር ነው። የአናባቢ ፊደላቱ ቁጥር ግን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ቃል ላሳያችሁ። ጥንካሬዎች ለማለት የሚጻፈው «ስትሬንግዝስ» 9 ፊደል አለው፤ ሲላብሉ ግን 1 ብቻ ነው። አካባቢ ወይም ስፋት የሚለው «ኤ-ሪ-የ» ደግሞ በ4 ፊደል ተጽፎ 3 ሲላብል ይወጣዋል። የወረቀቱ ርዝመትና የአፉ ርዝመት አይገናኙም።

ፊደል እያዩ መቁጠር ለሚፈልግ ሰው ግን የሚሠራ ዘዴ አለ። በቃሉ ውስጥ ያሉትን አናባቢ ፊደላት ቁጠሩ፤ ማለትም ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ፣ እንዲሁም እንደ አናባቢ የሚሠራውን ዋይ። ከዚያ ሁለት ቅናሽ አድርጉ። መጨረሻ ላይ የማይነበበውን ኢ ቀንሱ። ሁለት አናባቢ ፊደል ተጣምረው አንድ ድምፅ ከሰጡ አንዱን ቀንሱ። የቀረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ይሆናል። ቅናሹ የማይሠራበት ቦታ አለ፦ ቃሉ በኤልና በኢ አልቆ ከፊታቸው ተነባቢ ካለ። ጠረጴዛ የሚለው «ቴይ-ብል» 2 ሲላብል ነው። የመጨረሻዋ ኢ ባትነበብም «ብል» ራሱን ችሎ ይቆማል።

በአፍ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ መዳፋችሁን አገጫችሁ ሥር አድርጋችሁ ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት። ለእያንዳንዱ ሲላብል አገጫችሁ አንዴ ወደ ታች ይወርዳል። ዘዴው ፍጹም አይደለም፤ «ኢ» የሚል ድምፅ ላይ አገጭ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ለጀማሪ ግን ከጭብጨባ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አማርኛ ተናጋሪ የሆንን ሰዎች ቁጥሩን የምናበላሽባቸው ሁለት ልማዶች አሉ። አንዱ በኤስ የሚጀምር ድርብርብ ተነባቢ ፊት «እ» መጨመር ነው። «እስፖርት»፣ «እስታር»፣ «እስኩል» ስንል አንድ ሲላብል የነበረውን ቃል ሁለት አደረግነው። መድኃኒቱ ኤሷን ማስረዘም ነው። «ስስስ» ብላችሁ ሳታቋርጡ ወደ «ታር» ግቡ፤ «እ» የምትገባበት ቀዳዳ ታጣለች።

ሌላው ልማድ ደግሞ የጥንድ ፊደል ነገር ነው። እኛ መጥበቅና መላላት በደማችን ስላለ እንግሊዝኛ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ተነባቢ ጎን ለጎን ካየን እናጠብቃለን። እንግሊዝኛ ግን በአንድ ቃል ውስጥ እንዲህ ያለ ማጥበቅ የለውም። ጥንድ ፊደሉ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን የሚጠቁም የአጻጻፍ ምልክት ብቻ ነው። «ኮሚቴ» ያልነው ቃል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስት ጥንድ ፊደል ይደረድራል፤ ሲነገር ግን «ከ-ሚ-ቲ» ነው፣ ○●○፣ ሁሉም ላልቶ።

ያለፈ ጊዜ የሚያሳየው የኢ-ዲ ቅጥያም ቆጠራ ያዛባል። ግሡ በቲ ወይም በዲ ድምፅ ካለቀ ብቻ ሲላብል ይጨምራል። ፈለገ ለማለት «ዎን-ቲድ» 2 ነው። ተራመደ ለማለት ግን «ዎክት» 1 ነው፤ «ዎ-ኪድ» የሚባል ነገር የለም። ይህቺን ብቻ ማስተካከል ንግግርን በአንድ ጊዜ ያሳምራል።

ድንበሩ የት ላይ ይቆረጥ?

እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ለንግግር ዋናው ቁጥሩና ስትረሱ ነው። ድንበሩ አንድ ፊደል ወዲህ ወይም ወዲያ ቢሆን ማንም አይሰማውም። ለመነሻ የሚሆን ሕግ ይኸውላችሁ፦ በሁለት አናባቢ መካከል አንድ ተነባቢ ካለ ወደ ቀጣዩ ሲላብል ስጡት፤ ሁለት ካሉ አካፍሏቸው። ሆኖም ሁለቱ ተነባቢዎች አብረው ቃል መጀመር የሚችሉ ከሆኑ፣ ለምሳሌ «ትር» ወይም «ፕል»፣ አትለያዩአቸው። «ኮም-ፕሊት» እንጂ «ኮምፕ-ሊት» አይደለም።

መዝገበ ቃላት ውስጥ በዋናው ቃል መሃል የምታዩዋት ነጥብ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። እሷ የምትናገረው መስመር ላይ ቦታ ሲያልቅ ቃሉ የት ላይ በሰረዝ ሊቆረጥ እንደሚችል ነው። ከአነጋገሩ ጋር ሁልጊዜ አትገጥምም። ለንግግር የሚሆነው ድንበር ያለው ከጎኑ በተቀመጠው የድምፅ ጽሑፍ ውስጥ ነው። መስመር መቁረጡንማ ዛሬ ኮምፒውተሩ ይሠራልናል። በእጅ ለሚጽፍ ሰው ሁለት ነገር ይበቃል፦ ባለ አንድ ሲላብል ቃል አይቆረጥም፤ አንድ ፊደል ብቻዋን መስመር ላይ አትቀርም።

አሁን ጅራቱን ያዙ

ስትረስ ማለት ከቃሉ ሲላብሎች አንዱ ጎልቶ መነገሩ ነው። ይረዝማል፣ ድምፁ ከፍ ይላል፣ አናባቢው ጥርት ብሎ ይሰማል። ጮክ ብሎ መናገር ብቻ የሚመስለው አለ፤ እንደ እኔ ግን ለእኛ ትልቁ ቁልፍ ማስረዘሙ ነው። አማርኛ ለሁሉም ሲላብል ተቀራራቢ ክብደት ይሰጣል። እንግሊዝኛ ያዳላል።

አጫጭሮቹና ጥንታዊዎቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ስትረሳቸው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያቸው ላይ ነው። አባት «ፋ-ዘር»፣ ውሃ «ዎ-ተር»፣ ሁለቱም ●○ ናቸው። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከያዙ በኋላ ግን በፈረንሳይኛ በኩል ብዙ ቃል ገባ። ቆይቶም ምሁራን በቀጥታ ከላቲንና ከግሪክ ቀዱ። ረጃጅሞቹ ቃላት በብዛት ከዚህ ወገን ናቸው። ስትረሳቸውም ከመጨረሻ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገኛል። ጅራቱን ያዙ ማለቴ ለዚህ ነው።

ትልቁ ቡድን ስትረሱን ከራሱ አንድ ሲላብል ቀደም አድርጎ የሚጥለው ነው። «ሽን» የሚል ድምፅ ይዞ የሚያልቅ ማንኛውም ቃል፣ በቲ ይጻፍ በኤስ ወይም በሲ፣ ስትረሱ ከ«ሽን» በፊት ነው። መረጃ «ኢን-ፈ-ሜይ-ሽን» ○○●○። ግንኙነት «ከ-ሚው-ኒ-ኬይ-ሽን» ○○○●○። ይህ ሕግ ከሞላ ጎደል የማይነቃነቅ ስለሆነ በቅድሚያ በቃል ያዙት። «ኢቲ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ችሎታ «ኧ-ቢ-ሊ-ቲ» ○●○○፣ ዩኒቨርሲቲ «ዩ-ኒ-ቨር-ሲ-ቲ» ○○●○○፣ ኤሌክትሪክ ኃይል «ኢ-ሌክ-ትሪ-ሲ-ቲ» ○○●○○።

«ኢክ» እና «ኢከል» የሚሉትም እዚሁ ቡድን ውስጥ ናቸው። ኢኮኖሚያዊ «ኢ-ከ-ኖ-ሚክ» ○○●○። ከ«ኢክ» ወገን ግን ያፈነገጡ አሉ። «ፖ-ለ-ቲክስ» ●○○ ነው፤ «ፖ-ሊ-ቲክስ» ካላችሁ ስታችኋል። ካቶሊክ የሚለው ቃልና አረብኛ የሚለውም በመጀመሪያቸው ላይ ይጠነክራሉ። ሌላም ጥቂት አለ፤ ብዙ ስላልሆኑ ባጋጠሟችሁ ጊዜ ያዟቸው።

ሌላው ቡድን ከመጨረሻው ሦስተኛውን ሲላብል ይመርጣል። ከግሪክ የመጡት «ሎጂ»፣ «ግራፊ»፣ «ክራሲ»፣ «ኖሚ» እዚህ ይገባሉ። እነዚህን ቃላት አማርኛችን ተውሷቸዋል፤ ችግሩም እሱ ነው፤ ስንናገራቸው እኩል እኩል አድርገን እንጠራቸዋለን። በእንግሊዝኛ ግን ቴክኖሎጂ «ቴክ-ኖ-ለ-ጂ» ○●○○፣ ዲሞክራሲ «ዲ-ሞ-ክረ-ሲ» ○●○○፣ ኢኮኖሚ «ኢ-ኮ-ነ-ሚ» ○●○○ ናቸው። ሦስቱም አንድ ዜማ አላቸው። አንዱን በትክክል ካላችሁ ሌሎቹ ተከትለው ይመጣሉ። በ«ኤይት» የሚያልቁ ረጃጅም ግሦችም የዚሁ ዘመድ ናቸው፤ መግባባት «ከ-ሚው-ኒ-ኬይት» ○●○○ ነው።

ስትረሱን ለራሳቸው የሚያስቀሩ ስስታሞችም አሉ። መሐንዲስ «ኤን-ጂ-ኒር» ○○●፣ በጎ ፈቃደኛ «ቮ-ለን-ቲር» ○○●፣ ስደተኛ «ሬ-ፍዩ-ጂ» ○○●፣ ጃፓናዊ «ጃ-ፐ-ኒዝ» ○○●። ቅድም ያየነው «ከ-ሚ-ቲ» በአጻጻፉ ከእነዚህ ቢመስልም አይከተላቸውም። «ኮ-ፊ»ም እንዲሁ።

የመጨረሻዎቹ ምንም የማይነኩ ናቸው። መንት፣ ነስ፣ ፉል፣ ለስ፣ ሊ፣ ኢንግ፣ ኧር። እነዚህ ሲለጠፉ ስትረሱ በነበረበት ይቆያል። ማደግ «ዲ-ቬ-ለፕ» ○●○ ከሆነ ልማት «ዲ-ቬ-ለፕ-መንት» ○●○○ ነው። «ዲ» ላይ ወይም «ሎፕ» ላይ የሚጫነው ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ በስብሰባ ላይ በቀን ስንቴ እንደሚነሳ ስታስቡት ለማስተካከል የሚያዋጣ ቃል ነው።

ቅጥያዎች ሲደራረቡ ምን ይደረጋል? የማይነኩትን ከመጨረሻ እያነሳችሁ ጣሉ። መጀመሪያ የምታገኙት ስትረስ የሚጎትት ቅጥያ ፈራጅ ነው። በኢኮኖሚ ረገድ የሚለውን ቃል ውሰዱ። «ሊ»ን ስታነሱ «ኢከል» ይቀራል፤ እሱ ስትረሱን ወደ «ኖ» ይጥላል። ሲነገር ደግሞ «ኢ-ከ-ኖ-ሚክ-ሊ» ○○●○○ ነው። ተጽፎ 6 ሲላብል ይመስላል፤ አፍ ላይ 5 ብቻ ነው።

ጅራቱ ሲለወጥ ስትረሱ እንዴት እንደሚዘዋወር በአንድ ቤተሰብ እንየው። ፎቶግራፍ «ፎው-ተ-ግራፍ» ●○○። ፎቶ አንሺው «ፈ-ቶግ-ረ-ፈር» ○●○○። ፎቶግራፋዊ የሚለው «ፎው-ተ-ግራ-ፊክ» ○○●○። ከሲላብሉ ጋር አናባቢው ራሱ እንደተለወጠ ልብ በሉ። «ፎው» የነበረው «ፈ» ሆነ፤ «ተ» የነበረው «ቶግ» ሆነ። ወደሚቀጥለው ጉዳይ የሚወስደን ይሄ ነው።

የደከመውን አድክሙት

አብዛኛው መመሪያ ስትረሱን አሳይቶ ያቆማል። ግማሹ ሥራ ግን ስትረስ የሌለበትን ሲላብል ማሳነስ ነው። ● ካጎላችሁ በኋላ ○ዎቹንም እኩል ካጎላችኋቸው የሚሰማው ልዩነት ይጠፋል።

የደከመ ሲላብል ውስጥ አናባቢው ብዙ ጊዜ ወደ አንዲት አጭርና ፈዛዛ ድምፅ ይወርዳል። ስሟ ሽዋ ነው፤ በእንግሊዝኛ ከሁሉም አናባቢ በብዛት የምትሰማ እሷ ናት። በመዝገበ ቃላት የምትታወቀው በተገለበጠች የኢ ፊደል ነው። ደስ የሚለው ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለችም። «ለ»፣ «መ»፣ «ከ» ስንል ያለችው የግዕዝ አናባቢ የቅርብ ጎረቤቷ ናት። እላይ ያሉትን ምሳሌዎች መለስ ብላችሁ እዩ። ○ ባለበት ቦታ «ፈ»፣ «ከ»፣ «ነ»፣ «ተ» የበዛው ለዚህ ነው። ሙዝ «በ-ና-ነ» ○●○ ነው። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው ሳለ ጥርት ብሎ የሚሰማው የመሃሉ ብቻ ነው።

አንዳንዴ ሲላብሉ ከመድከም አልፎ ጭራሽ ይጠፋል። ምቹ የሚለው ቃል ተጽፎ 4 ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን «ከምፍ-ተ-ብል» ●○○ ነው። አትክልት «ቬጅ-ተ-ብል» ●○○፣ ሥራ ወይም ንግድ «ቢዝ-ነስ» ●○፣ ረቡዕ «ዌንዝ-ዴይ» ●○። እዚህ ላይ ፊደሉን ሁሉ ለማክበር መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ትርጉም የሚለይ ስትረስም አለ። ለስምና ለግሥ አንድ ዓይነት ተጽፈው በስትረስ ብቻ የሚለዩ ባለ ሁለት ሲላብል ቃላት አሉ፤ ስሙ ●○፣ ግሡ ○●። ስጦታ «ፕሬ-ዘንት»፣ ማቅረብ «ፕሪ-ዜንት»። መዝገብ «ሬ-ኮርድ»፣ መቅዳት «ሪ-ኮርድ»። ሁሉም ባለ ሁለት ሲላብል እንዲህ አይደለም፤ ሪፖርትና ኮንትሮል ስምም ግሥም ሲሆኑ ○● ናቸው። ቁጥር ላይ ደግሞ ሠላሳ «ተር-ቲ» ●○ ሲሆን አሥራ ሦስት «ተር-ቲን» ○● ነው። በስልክ ቀጠሮ ወይም ሒሳብ ስትነጋገሩ መጨረሻዋ ን ልትዋጥ ትችላለች፤ የሚያድናችሁ ስትረሱ ነው።

አንድ ትልቅ ቃል ከኋላ እንገንባ

ያየነውን ሁሉ በአንድ ቃል ላይ እንሞክር። ኢንተርናሽናላይዜሽን። 20 ፊደል ነው። የሶፍትዌር ሰዎች መጻፉ ሰልችቷቸው «አይ-18-ኤን» ብለው አሳጥረውታል፤ በመጀመሪያዋና በመጨረሻዋ ፊደል መካከል 18 ፊደል ስላለ ነው።

ቆጠራ፦ አናባቢ ፊደላቱ 10 ናቸው። «ሽን» ሁለት ጊዜ አለ፤ በእያንዳንዱ አይና ኦ ተጣምረው አንድ ድምፅ ስለሚሰጡ 2 ቀነስን። 8 ሲላብል ቀረ። «ኢን-ተር-ና-ሸ-ነ-ላይ-ዜይ-ሽን»።

ጅራት፦ «ሽን» ነው። ስለዚህ ስትረሱ ከሱ በፊት ባለው «ዜይ» ላይ ያርፋል። ○○○○○○●○።

ስድስት ደካማ ሲላብል በተከታታይ ግን እንግሊዝኛ አይወድም። ስለዚህ ረጅም ቃል ውስጥ ከዋናው የሚያንስ ሁለተኛ ስትረስ ይገባል። እዚህ «ና» ላይ በግልጽ ይሰማል፤ «ኢን»ም ትንሽ ይነሳል። ቀሪዎቹን «ተር»፣ «ሸ»፣ «ነ» አድክሟቸው።

አሁን አፍ ላይ አውጡት፤ ግን ከመጨረሻው ጀምራችሁ። «ሽን»። «ዜይሽን»። «ላይዜይሽን»። «ነላይዜይሽን»። «ሸነላይዜይሽን»። «ናሸነላይዜይሽን»። ከዚያ «ኢንተር»ን ከፊት ግጠሙ። በእያንዳንዱ ዙር «ዜይ»ን አስረዝሙ። ከኋላ መገንባት የሚጠቅመው በየዙሩ ወደምታውቁት ነገር ስለምትሄዱ ነው። ከፊት ስትጀምሩ ግን ወደማታውቁት እየገባችሁ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽም ልብም ያልቃል። ቀልጠፍ ስትሉ «ናሸነ» ተጨፍልቆ «ናሽነ» ሊሆንና ቃሉ ወደ 7 ሊወርድ ይችላል። ይሁን፣ ችግር የለውም።

ሲለማመዱ ላስቲክ በሁለት እጅ ይዞ ስትረሱ ላይ ሲደርሱ መለጠጥ ብዙ አስተማሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። የልጅ ጨዋታ ቢመስልም እጅ ሲለጠጥ አናባቢውም አብሮ ይለጠጣል።

መዝገበ ቃላት ምን ይላል?

ሕጎቹ ግምት ይሰጧችኋል፤ ማረጋገጫው መዝገበ ቃላት ነው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በ1886 ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፎነቲክ ማኅበር ባዘጋጀው የድምፅ ፊደል ነው። ከላይ የተቀመጠች ትንሽ ቋሚ ጭረት ዋናውን ስትረስ ታሳያለች፤ ከታች የተቀመጠችው ሁለተኛውን። ጭረቷ የምትቀመጠው ከሲላብሉ በፊት ነው። ብዙ ሰው ከጭረቷ በፊት ያለውን ሲላብል እያጎላ ይስታል። ነገሩን የሚያወሳስበው አንዳንድ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ምልክቱን ከሲላብሉ በኋላ ማድረጋቸው ነው። ስለዚህ አዲስ መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ የምታውቁትን ቃል ፈልጉና ምልክቱ የት እንደሚውል አስቀድማችሁ እዩ። ድምፅ ማጫወቻ ካለው ደግሞ መጀመሪያ ገምቱ፣ ከዚያ አዳምጡ። ሳይገምቱ ማዳመጥ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

በመጨረሻ፣ ሁለት መዝገበ ቃላት ቢጣሉባችሁ አትደንግጡ። ማስታወቂያ የሚለው በእንግሊዝ «አድ-ቨር-ቲስ-መንት» ○●○○ ነው፤ በአሜሪካ በብዛት «አድ-ቨር-ታይዝ-መንት» ○○●○። ላቦራቶሪን እንግሊዞች «ቦ» ላይ፣ አሜሪካኖች «ላ» ላይ ያጎሉታል። አንዱን መርጣችሁ በሱ ጽኑ።